ብቸኛ ተርብን ከፎቶግራፍ መለየት፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

«ይህ ምን ዓይነት ተርብ ነው?» የሚል ጥያቄ ከአንዲት ደብዘዝ ያለች ፎቶግራፍ ጋር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ፎቶግራፉ ብዙውን ጊዜ ከበረንዳ፣ ከመስኮት ደፍ ወይም ከግቢ ቧንቧ አጠገብ የተነሳ ነው። የሚታየው ጥቁርና ቢጫ ነፍሳት ተርብ መሆኑ ይታወቃል እንጂ የትኛው ተርብ እንደሆነ የሚያስረዳ የአካል ክፍል አይታይበትም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ አሠራሩን እዚህ አስቀምጫለሁ። መመሪያው በመሀል አዲስ አበባ፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በአካባቢያቸው በስልክ ፎቶ ለሚያነሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ብቸኛ ተርብ የሚባለው ሴቷ ብቻዋን ጎጆ ሠርታ፣ ብቻዋን አድና ለእጮቿ ስንቅ የምታኖርበት ዓይነት ነው፤ ንግሥትና ሠራተኛ ብሎ ነገር የለበትም። በመመሪያው ሁሉ የሚሠራው ደንብ አንድ ነው፦ ቀለምን ከማየትዎ በፊት የአካሉን ቅርጽ ይመልከቱ። ጥቁርና ቢጫ ቀለም በማይዛመዱ ብዙ ተርቦች፣ በንቦችና በዝንቦች ላይ ሳይቀር ስለሚገኝ በቀለም የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራ ያለው ስልክ። በቅርብ ርቀት አጥርቶ የሚያነሳ ከሆነ ይበቃል።
- በስልኩ ካሜራ ላይ የሚቆነጠጥ፣ ቅርብና ጥቃቅን ነገርን የሚያጎላ ማክሮ ሌንስ። ከስልክ መለዋወጫ ሱቆች ይገኛል፤ ይጠቅማል እንጂ ግዴታ አይደለም።
- ባለ 15 ወይም ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ።
- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ።
- ሞታ ለተገኘች ተርብ የሚሆን ነጭ ወረቀት።
- ፎቶውን አጉልቶ ለመመርመር የኮምፒውተር ወይም የታብሌት ስክሪን።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

የብቸኛ ተርብ ወንዱ መንደፊያ የለውም። ሴቷም ለጎጆዋ ብላ ሰውን አታሳድድም፤ ነገር ግን ከተጨበጠች ወይም ልብስ ውስጥ ከገባች ትነድፋለች፤ ስለዚህ በእጅ አይንኳት። በአንድ ጎጆ ላይ ብዙ ተርቦች ተሰብስበው ካዩ ብቸኛ ተርብ አይደለምና ራቅ ብለው ይቁሙ። ከንድፊያ በኋላ ፊቱ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ መተንፈስ ያቃተው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

በረንዳ ላይ ያለ ጎጆ ለማንሳት ወንበር ላይ ወጥተው ወደ ውጭ አይንጠልጠሉ፤ ከታች ሆኖ በቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በኤምባሲዎችና በአራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አካባቢ አጥር ሥር ተንበርክኮ ስልክ የደቀነ ሰው ጥያቄ ማስነሳቱ ስለማይቀር፣ ከማንሳትዎ በፊት ጥበቃውን ያስፈቅዱ፤ ካልፈቀደም ቦታ ይቀይሩ።

ደረጃ 1። በትክክለኛው ሰዓትና ቦታ ይፈልጉ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጠዋቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ተርብ ደግሞ ሰውነቷ ሳይሞቅ ደህና አድርጋ መብረር አትችልም። በመሆኑም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ያደረች ተርብ ካገኙ ከየአቅጣጫው ተረጋግተው ሊያነሷት ይችላሉ። በተለይ አሞፊላ የተባለው ወገን (ወገን ማለት በአንድ ቤተሰብ ሥር ያሉ የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ነው) የሣር አገዳ በመንጋጋው ነክሶ የማደር ልማድ አለው። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ሥራዋን ያገኛሉ፤ ሥራዋ ራሱ የመለያ ማስረጃ ነው።

አበባን በተመለከተ እንስላልና ድንብላል ያበቡበትን ጓሮ ያስቀድሙ። የአብዛኛው ተርብ ምላስ አጭር በመሆኑ የአበባ ማሩ ላይ ላዩን የሚገኝባቸውን እንዲህ ያሉ ጥቃቅን አበቦች ይመርጣል።

በበጋ ግን ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቧንቧ ሥር ነው። ጭቃ እንደ ልብ በማይገኝበት ወቅት ጭቃ ሠሪ ተርቦች ወደ ልብስ ማጠቢያው አካባቢ፣ ወደ መኪና እጥበት ዳርና ወደ ፍሳሽ ቦይ ይመላለሳሉ። ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ተርቧ ጭንቅላቷን ወደ መሬት ደፍታ፣ ሆዷን ከጭቃው ከፍ አድርጋ፣ ሰውነቷን እያንዘረዘረች ቀጭን ድምፅ ስታሰማ ይሰማል፤ ወዲያው አተር የምታህል የጭቃ ድብልብል በመንጋጋዋ ይዛ ትነሳለች። ጭቃ እየጫነች ሳለ ለሰው ብዙም ደንታ የላትም፤ በዝግታ ከተጠጉ ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ያኔ ነው። ሄዳ ካመለጠችዎ አይከተሏት፤ በዚያው ቦታ ይቆዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትመለሳለች።

ደረጃ 2። ከአራት አቅጣጫ ያንሱ

አንድ ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር አይበቃም፤ መለያዎቹ በተለያየ የአካል ክፍል ላይ ናቸውና።

ሀ. ከጎን፦ ወገቡን፣ እግሮቹንና የደረቱን ጎን ያሳያል። አንድ ብቻ ማንሳት ከቻሉ ይህን ያንሱ።
ለ. ከላይ፦ የክንፉን አቀማመጥና የሆዱን ቀለበቶች ያሳያል።
ሐ. ከፊት፦ ዓይኑን፣ መንጋጋውንና አንቴናውን ያሳያል።
መ. ክንፏን ዘርግታ ከተገኘች ክንፉን ብቻ፦ የክንፍ ጅማት አደራደር ወገንን ለመለየት ከሚያገለግሉ ዋና ምልክቶች አንዱ ነው።

የስልኩን ዲጂታል ዙም አይጠቀሙ፤ ምስሉን ከመቁረጥና ከማስፋት በቀር አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ይልቁንም ቀርበው ያንሱ፣ በኋላ ይቁረጡ። ስክሪኑን በተርቧ ላይ ለአፍታ ተጭነው ትኩረቱን ይቆልፉ፤ ከዚያ ስልኩን ራሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ በተከታታይ ያንሱ። በቅርብ ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ከብዙዎቹ አንዱ ዓይኑ ላይ፣ ሌላው ወገቡ ላይ ይጠራል። ተርቧ የማትረጋ ከሆነ በ4 ኬ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከዚያ የሚወጣ አንድ ምስል 8 ሜጋፒክሰል ያህል ስላለው ለመለየት ይበቃል።

መስኮት ደፍ ላይ ሞታ የተገኘች ተርብ አይጣሏት። ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በጥላ ውስጥ ከአራቱም አቅጣጫ ያንሷት። ከሞት በኋላ የክንፍና የአንቴና አቀማመጥ ሊለወጥ ስለሚችል ግን «ሞታ የተገኘች» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 3። መጠኑን በማስመሪያ ያስይዙ

በፎቶ ላይ 10 ሚሊ ሜትርና 30 ሚሊ ሜትር የሆኑ ተርቦች አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ተርቧ ከሄደች በኋላ ስልክዎን ሳያርቁና ሳያቀርቡ እሷ በነበረችበት ቦታ ማስመሪያ አስቀምጠው አንድ ፎቶ ይጨምሩ። ርዝመቱን ከግንባር እስከ ሆዱ ጫፍ ይለኩ፤ አንቴናውን አይቁጠሩ።

ደረጃ 4። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ወዲያው ይጻፉ

እኛ አገር ይህ ደረጃ ብዙ ስህተት ይወልዳል። አይናቹራሊስትን የመሰሉ የነፍሳትና የዕፅዋት ምልከታ የምዝገባ መድረኮች የሚጠቀሙት የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ መስከረም 10 ቀን 2017 ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተነሳ ፎቶ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2024፣ 10፡00 ሰዓት ተብሎ መመዝገብ አለበት። በደብተርዎ ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ። «ፒያሳ» ብቻ ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ የጭቃ ግድግዳ ይሁን የኮንክሪት፣ አፈሩ አሸዋማ ይሁን ጥቁር፣ በምን አበባ ላይ እንደነበረች ጭምር ያስፍሩ። መሬት ቆፍሮ የሚኖር ተርብና ጭቃ የሚለጥፍ ተርብ በዚሁ ይለያያሉ።

ፎቶውን ለሌላ ሰው በቴሌግራም ሲልኩ በፋይል መልክ ይላኩ። በፎቶ መልክ ከላኩት መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል፤ በውስጡ የተመዘገበው ቀንና ቦታም አብሮት አይሄድም።

ደረጃ 5። መጀመሪያ ተርብ መሆኑን ያረጋግጡ

ክንፉ ሁለት ብቻ፣ አንቴናው እጅግ አጭር፣ ዓይኑ ጭንቅላቱን በሙሉ የሸፈነ ከሆነ ተርብ የመሰለ ዝንብ ነው። ሰውነቱ ፀጉራም፣ የኋላ እግሩ ሰፊና የአበባ ብናኝ የተሸከመ ከሆነ ንብ ነው። ወገቡ ፈጽሞ ያልጠበበ ከሆነም ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው። አንቴናው በጣም ረጅም ሆኖ የሆዱ ጫፍ ላይ እንደ ክር የተንጠለጠለ የእንቁላል መጣያ ካለው ደግሞ በሌሎች ነፍሳት ላይ እንቁላሉን የሚጥል ጥገኛ ተርብ ሊሆን ስለሚችል እዚህ ላይ ያቁሙ።

ደረጃ 6። ክንፉ ታጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ

ብዙውን ሥራ የሚያቀልለው ይህ ነው። ተርቧ ባረፈችበት ጊዜ የፊት ክንፏ በቁመቱ ለሁለት ታጥፎ እንደ ቀጭን ዘንግ ከታየ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ቬስፒዴ ከተባለው ቤተሰብ ናት። በውስጡ ብቸኞቹ ገንቦ ሠሪ ተርቦችም በማኅበር የሚኖሩት የወረቀት ጎጆ ሠሪዎችም አሉበት። ክንፉ ሳይታጠፍ በሆዱ ላይ ተዘርግቶ ከተቀመጠ ግን ወደ ሌሎቹ ቤተሰቦች ይሂዱ። ገና ያረፈች ወይም ልትነሳ ያለች ተርብ ክንፏን ስለምትዘረጋ ይህን ምልክት ከአንድ ፎቶ ብቻ አይወስኑ።

ደረጃ 7። ወገቡን ይመርምሩ

የጎን ፎቶውን አጉልተው ደረትና ሆድ የሚገናኙበትን ቦታ ይዩ። ወገቡ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እኩል የቀጠነ ቀጥ ያለ እንጨት መስሎ ሆዱ በድንገት የሚጀምር ከሆነ ስፌሲዴ የተባለውን ቤተሰብ ይጠርጥሩ። በአፍሪካ በስፋት የሚገኘው ሴሊፍሮን ስፒሪፌክስ የተባለው ጭቃ ሠሪ ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ወገቡ ቢጫ፣ እግሮቹ ጥቁርና ቢጫ ናቸው። ወገቡ በጣም ረጅም ሆኖ ሆዱ ከመካከሉ ቀላ ያለ፣ ጫፉ ጥቁር ከሆነ አሞፊላ ሊሆን ይችላል።

ወገቡ ከመነሻው ቀጥኖ ወደ ኋላ እንደ ጡሩምባ አፍ እየሰፋ የሚሄድና ክንፉም የታጠፈ ከሆነ ዴልታ የተባለውን ገንቦ ሠሪ ያስቡ። ነገር ግን በማኅበር የሚኖረው ቤሎኖጋስተርም ረጅም ወገብና የሚታጠፍ ክንፍ ስላለው ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ነው። መለያዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው መንጋጋ ነው፦ የዴልታ መንጋጋ ረጅምና ወደ ታች የሾለ ሲሆን የቤሎኖጋስተር አጭር ነው። ሁለተኛው ጥፍር ነው፤ በገንቦ ሠሪዎች የእግር ጥፍር ላይ ተጨማሪ ጥርስ ሲኖር የቤሎኖጋስተር ግን ጥርስ የለውም። ይህን ለማየት ማክሮ ሌንስ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጎጆው ነው። ዴልታ በጭቃ ሲሠራ ቤሎኖጋስተር የታኘከ እንጨት ለውሶ ግራጫ ወረቀት የመሰለና ክፍሎቹ ወለል ብለው የሚታዩ ጎጆ ያንጠለጥላል፤ በላዩም ብዙውን ጊዜ በርካታ ተርቦች አብረው ይቀመጡበታል። ይህንን መለየት ለደኅንነትዎም ይጠቅማል፤ ቤሎኖጋስተር ጎጆውን ይከላከላል።

ወገቡ አጭር ሆኖ ከጎን ብዙም የማይታይ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 8። አንገቱን፣ ዓይኑንና እግሩን ያነጻጽሩ

ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለውን የደረት ኮሌታ ከጎን ይመልከቱ። በክንፉ ሥር ክብ ቅርፊት አለች፤ ኮሌታው ተስቦ እስከዚያች ቅርፊት ከደረሰ ቬስፒዴ ወይም ሸረሪት አዳኙ ፖምፒሊዴ ነው። ቀጭን ሆኖ ከቅርፊቷ ሳይደርስ ትንሽ ጉብታ ሠርቶ ከቀረ ደግሞ ስፌሲዴ ወይም ዘመዱ የሆነው ክራብሮኒዴ የተባለው ቤተሰብ ነው። ይህ ምልክት ከቀለም በብዙ እጅ የታመነ ነው።

በቬስፒዴ የዓይኑ ውስጠኛ ጠርዝ ጎደል ብሎ የኩላሊት ቅርጽ ይይዛል። ዓይኑ እንዲህ ሆኖ ክንፉ ያልታጠፈ፣ አካሉ ቀጭንና ጥቁር ከሆነ ትራይፖክሲሎን የተባለውን ትንሽ ሸረሪት ሰብሳቢ ያስቡ።

እግሮቹ ረጃጅምና እሾሃማ፣ የኋላ እግሩም ከሆዱ ጫፍ የሚያልፍ፣ አንቴናዋ የተጠቀለለ፣ መሬት ላይ እየሮጠች ክንፏን የምታርገበግብ ከሆነች ፖምፒሊዴ ናት። ሰውነቱ ጥቁር፣ ክንፉ ብርቱካናማ የሆነው ትልቁ ሄሚፔፕሲስ ከዚህ ቤተሰብ ነው። ሰውነቱ ወፍራምና ፀጉራም ሆኖ የክንፉ ጫፍ በጥቃቅን መስመሮች የተሸበሸበ ከሆነ ስኮሊይዴ ነው። እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ሲነካ የሚጠቀለል ከሆነ ክሪሲዲዴ ነው።

ጾታውን ማወቅ ከፈለጉ የአንቴናውን ክፍሎች ይቁጠሩ፤ በእነዚህ ቤተሰቦች በአብዛኛው ሴቷ 12፣ ወንዱ 13 አለው። አድኖ ስንቅ የሚሸከመው ሴቷ ብቻ ስለሆነች ወንድ ተርብ ላይ የአደን ማስረጃ አይጠብቁ።

ደረጃ 9። የያዘችውን ስንቅና ጎጆዋን ይጠቀሙ

አንድን ትልቅ ሸረሪት መሬት ለመሬት ወደ ኋላ እየጎተተች ከሆነ ፖምፒሊዴ መሆኗ እጅግ የጎላ ነው። አባጨጓሬ ከሆነ አሞፊላን ወይም ገንቦ ሠሪዎቹን፣ ፌንጣ ከሆነ ስፌክስን፣ ዝንብ ይዛ አሸዋ ውስጥ የምትገባ ከሆነ ቤምቢክስን፣ ንብ ከሆነ ፊላንተስን ያስቀድሙ። በረሮን በአንቴናው እየመራች የምትወስድ አረንጓዴ ተርብ አምፑሌክስ ናት።

የጭቃ ጎጆን በተመለከተ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ የቱቦ ቅርጽ ያላቸው ክፍሎች በአንድ ላይ በጭቃ ተለስነው ከታዩ ሴሊፍሮንን፣ ክብ ሆነው አንገት ያላቸው ከሆኑ ገንቦ ሠሪዎቹን ይጠርጥሩ። የወደቀ የሴሊፍሮን ጎጆ ካገኙ ውስጡን ያንሱ፤ በክፍሉ ታጭቀው የሚገኙት ብዙ ትናንሽ ሸረሪቶች ማስረጃ ይሆናሉ። ግድግዳ ላይ ያለውን ግን ለፎቶ ብለው አያፍርሱ።

ደረጃ 10። ፎቶው በሚፈቅደው ደረጃ ላይ ይቁሙ

ክንፉና ኮሌታው ከታየ ቤተሰቡን፣ ወገቡና መንጋጋው ከተጨመረ ብዙውን ጊዜ ወገኑን ይጽፋሉ። ዝርያውን ለመጻፍ የፎቶው ቦታ፣ መጠኑና የቀለሙ ዝርዝር ሁሉ ከአንድ ዝርያ ጋር ብቻ የሚስማማ መሆን አለበት፤ ለብዙ የፖምፒሊዴ አባላት ከፎቶ ይህ አይቻልም፤ ናሙና በማጉያ መመርመር ያስፈልጋል። ትክክለኛ የቤተሰብ ስም ከተሳሳተ የዝርያ ስም ይበልጣል።

ፎቶ አይቶ ስም የሚጠቁም መተግበሪያ የሚሰጥዎትን ስም እንደ ጥቆማ ብቻ ይያዙት፤ ከየት አገር እንደሆነም ያጣሩ። ለምሳሌ ሴሊፍሮን ኬሜንታሪየም የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ደረቱ ላይ ቢጫ ምልክቶች አሉት። የእርስዎ ፎቶ ላይ ያለው ደረት ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ ጥቆማውን አይቀበሉት።

የተለመዱ ስህተቶች

ጥላን እንደ አካል ማንበብ አንዱ ነው። በቀትር ፀሐይ ነጭ ግድግዳ ላይ የተነሳች ተርብ ጥላዋ ከወገቧ ጋር ተደርቦ ወገቡን ያወፍረዋል፤ በቀጭን ደመና ወይም በራስዎ ጥላ ከልለው ያንሱ።

ሌላው የብርሃን ጉዳይ ነው። ፍላሽ ሲበራ ጥቁሩ አካል ሰማያዊ ሊመስል፣ ቢጫውም ነጥቶ ሊታይ ስለሚችል፣ በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ላይ በቀለም አይወስኑ።

የተቆረጠ ፎቶ ብቻ መላክም ስህተት ነው፤ ዋናውን አብረው ይላኩ፤ ዙሪያው ያለው አበባ፣ አፈር ወይም ጎጆ አብሮ ይነበባል።

ከጎጆ የወጣውን ሁሉ የጎጆው ባለቤት አድርጎ መቁጠር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የሴሊፍሮን አሮጌ ክፍሎችን ሌሎች ተርቦችና ብቸኛ ንቦች ይኖሩባቸዋል፤ የሚያብረቀርቁት ክሪሲዲዴዎችም በሌላው ስንቅና እጭ ላይ ያድጋሉ። ስለዚህ ጎጆውንና የወጣውን ተርብ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ይጻፉ፤ ተርቧ ራሷ ጭቃ ስታኖር ካላነሷት በቀር አያገናኟቸው።